የወንድሜ ድርሻ

አባቴ ቄስ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጉራ ፈልጌ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው፣ ለምን ያን ሁሉ ሳምንት «አፍዎን ይክፈቱ» ማለት እንዳቃተኝ አይገባውም፤ «ሞኝ ነበረች» ብሎ ያልፈኛል። ሞኝስ ነበርኩ። ግን የሞኝነቴ ዓይነት የአገሬ ዓይነት ነው።

ቤታችን ከሞላሌ ራቅ ብሎ፣ የጓሳ ሜዳ ከወዲያ ማዶ በሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። እኔ እዚያው ቀበሌ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባሌን ፈትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው፤ እናቴ ቀድማ አርፋለች። አንድ ታናሽ ወንድም ነበረኝ። ቀልደኛ ነበር፤ አንድ ቦታ አይረጋም። ከገበያ የገዛሁለት አንዲት የበግ ፀጉር ቆብ ነበረችው፤ ክረምት በጋ ከራሱ አትወርድም። «ተኝተህም አታወልቃትም እንዴ?» ስለው «ሕልሜ እንዳይበርደው ነው» ይለኛል።

እሱ ነው መጀመሪያ የታመመው። ያን ጊዜ ተራ ቲቢ ነበር። በየቀኑ የሚዋጥ የስድስት ወር ኪኒን ተሰጠው። ሁለት ወር እንደዋጠ ሳሉ ጠፋ፣ ፊቱ ሞላ፣ ቀልዱም ተመለሰ። ይኼኔ ፍልሰታ ገባች።

አባቴ «ልጄ ድኗል። የቀረውን እመቤቴ ትጨርስለታለች» አሉ። ሱባኤ ሊያስገቡት ቆላ ወዳለው ጸበል ሊወስዱት ተነሡ። ሱባኤ ላይ ደግሞ ውሎው በጥሬና በጸበል ነው፤ «ኪኒን እየዋጡ ምን ሱባኤ አለ?» አሉ። ጸበሉን የሚያጠምቁት መነኩሴ ራሳቸው «መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ ይውሰድ፤ እሱም የእግዜር ነው» ብለዋቸው ነበር አሉ። አባቴ ግን «ድኗል» ብለው መለሱላቸው። ሰውዬው ምን ያድርጉ? መነኩሴ ቄስን አያምንም እንዴ?

የእነሱን ከጀመርኩ አይቀር የራሴንም ልናገር። የሚሄዱ ዕለት አባቴ ኪኒኑን ከወንድሜ ቦርሳ አውጥተው መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጡት ቆሜ አይቻለሁ። ለልጆች ጤና አጠባበቅ የማስተምር ሴት ነኝ፤ መድኃኒት መሐል ላይ እንደማይቋረጥ ተማሪዎቼም ያውቃሉ። ወንድሜ ቆቡን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ። «አሁን ትናገራለች» ብሎ ነው ያየኝ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ይነቅዛል።

ከጸበል ሲመለስ ኪኒኑን ጀመረው፤ ተወው፤ እንደገና ጀመረው። ሳሉ ሲመለስ በፊተኛው ዓይነት አልተመለሰም። አክታው ተልኮ ሲመረመር «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው» ተባለ። አዲሱ መድኃኒት ሳይደርስለት አረፈ። ባረፈበት ሳምንት፣ እኔና እሱ ብቻችንን ሆነን፣ ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ «እትዬ፣ ያ ኪኒን የት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንገቴን ደፋሁ። ሲገንዙት ቆቡ ታጣች። ቤቱን ብንበረብር፣ አልጋውን ብንገለብጥ የለችም። «አይጥ ወስዷት ይሆናል» ተብሎ ታለፈ።

ዓመት ሳይሞላ አባቴ መሳል ጀመሩ። ነገሩ ከቤታችን ሳይወጣ ነው የከረመው። ያው ዓይነት፣ ያው የተላመደው። እኔም ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተባልኩ።

አባቴ ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ አንዲት ነርስ ለብቻዬ ጠርታ አስቀመጠችኝ። እኩያዬ ስለሆነች ወዲያው አንቺ አንቺ ተባባልን። ኪኒኖቹን መዳፏ ላይ ዘረገፈቻቸው፤ አንድ እፍኝ ሞሉ። ነጭ አለ፣ ብጫ አለ፣ እንደ ጠቆረ ደም የቀላ አለ፣ ሁለት ቀለም ያላት እንክብል አለች።

«ይህን ሁሉ በአንድ ቀን?» አልኳት።

«በአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በአንድ ላይ። ጀርሙ ብልጥ ነው። አንድ መድኃኒት ለብቻው ካገኘ ይለምደዋል፤ ከለመደው ደግሞ ይንቀዋል። ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡበት ነው የሚጠፋበት። አንዱን ካጎደልሽ ሌሎቹንም ማስለመድ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ለአባትሽ የምንሰጣቸው ብዙ የቀረ ነገር የለንም።»

አባቴ ከወዲያ ሆነው ሰምተዋት ኖሮ «ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው ሳቁ። ያን ዕለት ነበር ለመጨረሻ ጊዜ ከልባቸው ሲስቁ ያየኋቸው።

ነርሷ ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ። አንደኛ፣ መስኮቱ ቀን ቀን ክፍት ይሁን። ሁለተኛ፣ ፊታቸው ይጠቁር ይሆናል፣ ከመድኃኒቱ ነውና አትደንግጡ። ሦስተኛ፣ «ፊትሽ ይዋጡ። ከዋጡ በኋላ አፋቸውን ከፍተው፣ ምላሳቸውን አንሥተው ያሳዩሽ»። ሁለቱን እሺ አልኳት። ሦስተኛውንም በአፌ እሺ አልኳት። ኧረ ምን ቆርጦኝ! ከቅዳሴ በኋላ አገር ተሰልፎ መስቀላቸውን የሚሳለማቸውን ሰው፣ አባቴን፣ እንደ ፈረስ አፍ ገልጬ ልይ?

እንዲህ ሆነን ጀመርን። መስኮቱን ስከፍተው ጉሙ ይገባል። የእኛን አገር ጉም የማያውቅ ሰው ጭስ ይመስለዋል። ጭስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጉም ግን ወለል ለወለል መጥቶ መደቡ ሥር ይቀመጣል። የአባቴ ፊት እየቀላ፣ ከዚያ እየጠቆረ ሄደ። ጎረቤት ከደጅ ሆኖ ይጠይቃቸውና ሲመለስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይሆንም፤ የበላ ቄስ ደግሞ አይቀድስም። ስለዚህ ከመቅደስ ወጡ። ደወሉ ሲደወል ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። ያን ማየት ከሳሉ ይከፋ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ሲሆናቸው፣ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ገደማ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰው ወግ ሰማሁ። «እንግዳ መጥቷል» ብዬ ጫማዬን ጠርጌ ገባሁ። አባቴ መደቡ ላይ ብቻቸውን ናቸው። መስኮቱ ጋ ባለው ጫፍ ልቀመጥ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«እዚያ አትቀመጪ። ወንድምሽ አለ።»

«በስመ አብ! አባባ፣ ምን እያሉ ነው?»

«አለ አልኩሽ እኮ፤ ምን ያስጮኽሻል? ይልቅ ጠጋ በይለት።»

ደህና አድርገው ነው የተናገሩት። መደቡ ላይ የተነጠፈውን አጎዛ በእጄ ነካሁት፤ ረጥቧል። ጉሙ ነው አልኩ።

በማግስቱ ለነርሷ ደወልኩ። ሳቅ አላለችም፤ ግን አልደነገጠችም። «ያቺ ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ናት። አንዳንዱን ሰው ድምፅ ታሰማዋለች፣ የሌለ ሰው ታሳየዋለች። ካስፈራቸው ወይም ራሳቸውን እጎዳለሁ ካሉ በዚያው ቀን ንገሪኝ። እስከዚያው ለሐኪሙ አስረዳለሁ፤ በቀጠሯቸው ቀን ያያቸዋል» አለችኝ። እፎይ! ደስታዬን አልችል ብዬ፣ አይ የኔ ነገር፣ ሄጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። እንክብሏንም በጣቴ ይዤ አሳየኋቸው። «ይቺ ናት የምታሳይዎት። ሌላ ምንም የለም።»

አባቴ እንክብሏን ተቀብለው ወደ ብርሃን አድርገው ረጅም ጊዜ አይዋት። «እንዲህ ነው?» ብቻ አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር አመጡ። ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ይውጣሉ፤ የመጨረሻዋን ሲጎርሱ ውኃ ይጎነጩና፣ እንደ ቆረበ ሰው፣ አፋቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ። ቆርቦ የወጣ ሰው ከአፉ አንዳች እንዳይወድቅ አይናገርም፣ አይተፋም፣ አፉን ሸፍኖ ነው የሚቆየው። «ቅዳሴው ቢቀርባቸው መድኃኒቱን ቁርባን አደረጉት» ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የቆረበን ሰው ደግሞ አፍህን ክፈት አይሉትም። ስለዚህ እንኳን ልጠይቃቸው፣ ዓይኔንም ከእሳቸው ላይ አነሣ ጀመር።

ሳምንታት ሄዱ። ወንድሜ ግን አልሄደም። ስመለስ የአባቴን ድምፅ ከደጅ እሰማለሁ፤ ይጠይቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ይመልሳሉ። «መድኃኒቱ ነው፣ መድኃኒቱ ነው» እያልኩ እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ አባቴ ዞር ብለው «ልጄ፣ የሚለው አልገባኝም። ‹ያ ኪኒን የት ገባ?› ይላል» አሉኝ።

ያንን ቃል ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ ሲጠይቀኝ አባቴ ደጅ ነበሩ። ምናልባት በመስኮቱ ሰምተው ይሆናል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ግን ያን ቀን መስኮቱ ዝግ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ትምህርት የለም። አባቴ ከቀትር በኋላ ጋቢያቸውን አጣፍተው «የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ልሳለም» ብለው ወጡ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሣ ገና አጥሩን ሲያልፉ ጠፉኝ። ልቤ አላርፍ አለኝና ተከተልኳቸው። በሳላቸው ነው የተከተልኳቸው፤ ሳሉ ከፊት ይሰማኛል፣ እኔ ከኋላ እሄዳለሁ። መቃብሩ ስፍራ ስደርስ የወንድሜ መቃብር አጠገብ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። እያወሩ ናቸው። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር አንድ ነገር አኖሩ፣ ድንጋዩን ተሳለሙትና ተነሡ።

እስኪሄዱ ጠብቄ ድንጋዩን አነሣሁት። ከጋቢ ጥለት የተቀደደ ጨርቅ አለ፤ ፈታሁት። እንክብል ነው። እርጥበቱ እርስ በርስ አጣብቋቸዋል፤ አንዳንዱ ሟሙቶ ዱቄቱ ወጥቷል። ነጩ የለም፣ ብጫው የለም፣ ቀዩም የለም። ሁሉም ያቺው ባለ ሁለት ቀለሟ ናት። ያቺ የምታሳየዋ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። አባቴ ያቺን እንክብል ከዋጡ ሳምንታት አልፈዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን መደባችን ላይ ጠጋ በይለት የሚሉኝ ለማን ነው? ከኋላዬ ሰው የሳለ መሰለኝ። ዞሬም አላየሁም፤ ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ቤት ገብቼ ጨርቁን ፊታቸው ዘረጋሁት። አልካዱም።

«ተውኳት ልጄ። ከእሷ ከሆነ ይሄዳል ብዬ፣ ልፈትነው ብዬ ተውኳት። እሱ ግን አልተወኝም።»

«እሺ፣ መቃብሩ ላይ ምን ይሠራል?»

«ድርሻው ነዋ! የሱን መስኮት ላይ ያስቀመጥኩ እኔ አይደለሁም? እሱን ከልክዬ የኔን እፍኝ ሙሉ እውጣለሁ? የሚጠይቀኝ ድርሻውን ነው። አሁን ገባኝ።»

ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጮኽኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳቡና ወደ ግድግዳ ዞሩ።

ለነርሷ ደወልኩ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳት። «ካልዋጡት ታዲያ…» አለችና ተወችው። ከዚያ ድምፅዋን ጠንከር አድርጋ «ባስቸኳይ ይዘሻቸው ነይ። እስከዚያው ሌሎቹ አንድም ቀን እንዳይቋረጡ። ዛሬ ካመለጠን ነገ የምንይዘው የለም» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ከኪኒኑ አንዱንም አልነካም አሉ። ለመንኳቸው፤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ልጄ ያልቀመሰውን እኔ አልቀምስም» አሉ። ሰኞም እንዲሁ ዋለ። ሆስፒታልም አልሄድም አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ያ እፍኝ ኪኒን የወንድሜ ኪኒን የቀረበት መስኮት ላይ ተቀመጠ። ነርሷ ያለችኝ እየመጣ ነበር፤ አባቴ ዓይኔ እያየ፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ በወንድሜ መንገድ ሊሄዱ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ቀረሁ። ፊታቸው ተቀመጥኩና ዋሸሁ። አስቤበትም አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ።

«አባባ፣ እኔም አየሁት።»

ቀስ ብለው ዞሩ። ጠቁሮ ከከሳው ፊታቸው ላይ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ማንን?»

«ወንድሜን። ትናንት፣ መቃብሩ ጋ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ድርሻዬን አባባ ይዋጡልኝ› አለኝ። ‹እኔ እንግዲህ አልውጠው፤ ድንጋይ ሥር ይበሰብሳል። ይዋጡልኝ› አለ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ንስሐ ሲያናዝዙ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ «ቆቡን አድርጓል?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም» አልኩ። «በእጁ ይዟታል።»

አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሱ። «እውነት ነው፤ በእጁ ነው የሚይዛት። ለምን አታደርጋትም ብዬ ስጠይቀው አይመልስልኝም። እውነት ነው፣ አይተሽዋል!»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጸበል የሄደ ዕለት እንደዚያ ይዟት ነበርና ከዚያ አምጥቼው ይሆናል። ይሆናላ። እሳቸው ግን ተነሥተው መስኮቱ ላይ ያለውን እፍኝ አነሡ፤ እያንዳንዱን አማትበው ዋጡ። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሊያነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ምላሳቸውንም አነሡ። የቀሯቸውን ጥቂት ጥርሶች፣ በቀዩ ኪኒን የቀላውን ምላሳቸውን፣ ሁሉንም አየሁ። ምንም አልነበረም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል!

በማግስቱ ሆስፒታል ደረስን። አክታቸው እንደገና ተላከ፤ እግዜር ይመስገን፣ ጀርሙ ሌሎቹን ገና አልለመደም። ሐኪሙ ያቺን እንክብል አንሥቶ በምትኳ ሌላ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እኔ ሳልጠይቅ «እይ» ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ። እኔም አያለሁ። አንድ ቀን አላለፍኩም።

ዓመቱ አልፎ፣ ሌላው ዓመት ተጋምሶ፣ ድነዋል ተባለ። መጀመሪያ የቀደሱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ያ ጥቁረት ገና አልለቀቀም ነበር፤ ነጩ ልብሳቸው ላይ ይጎላል። መደቡ ላይ ተቀመጡና «ትናንት ተሰናበተኝ» አሉኝ። «ስቆ ነው የሄደው። ቆቡንም አድርጓል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አንቺስ? አንቺ ጋ ይመጣል?» አሉኝ።

«የለም አባባ» አልኳቸው።

አባቴን በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ። አንዱ አየሁት ያልኩት ነው። ሁለተኛው ይኼ ነው።

እኔ ምንም ኪኒን አልውጥም። በየስድስት ወሩ እመረመራለሁ፤ ደህና ነሽ ይሉኛል። ግን አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስና መስኮቱ ጋ ጉሙ ሲገባ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። አይናገርም። ቆቡን አሁንም በእጁ እንደያዛት ነው። ኪኒኑ ወጥቶ መስኮቱ ላይ የተቀመጠ ዕለት እንዳየኝ፣ አሁን ትናገራለች ብሎ ያየኛል።

ይኸው፣ ተናገርኩ።